የወጪ መጋራት ውልና አቅም የሌለው ቤተሰብ

አባታችን መክፈል ስለማይችሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የደረሳት እህቴ ትቅር ወይ ብለው ለጠየቁት፣ በፍጹም አትቅር። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት፣ ተማሪዋ የምግብና የመኝታ ወጪዋን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ የተወሰነውን የምትጋራ ቢሆንም፣ ስትመዘገብ ውል ፈርማ ዕዳውን የምትከፍለው ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላ ከገቢዋ ላይ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ውሉ የማይሸፍነው ወጪ ነው፤ የመጓጓዣ፣ የፎቶኮፒና የንጽህና መጠበቂያ ገንዘብ ከቤት ካልመጣ፣ በተለይ ሴት ተማሪዎች የሚፈተኑት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እንደደረሰች የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤትንና የሥርዓተ ጾታ ክፍሉን ታነጋግር፤ ለችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ ሲሰጥ የቀበሌ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ደብዳቤውን ከመነሳቷ በፊት አውጡላት።