ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም

እህቴ፣ ሞላር እርግዝናሽ (ፅንስ በአግባቡ ሳያድግ የእንግዴ ልጅ ሴሎች ከልክ በላይ የሚበዙበት እርግዝና) ከተጠረገ ከሁለት ወር በኋላ በደምሽ የሚለካው የእርግዝና ሆርሞን፣ የኤችሲጂ ቁጥርሽ፣ መውረዱን እንዳቆመ፣ ሐኪምሽም ኬሞቴራፒ እንዳዘዘልሽ ጽፈሻል። «ምንም አያመኝም፣ ደሙም ቆሟል፤ ትንሽ ብጠብቅስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ነኝና እባክሽ አትጠብቂ።

ኤችሲጂን የሚያመነጩት የእንግዴ ልጅ ሴሎች ናቸው። ማህፀን ከተጠረገ በኋላ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየወረደ መጥፋት አለበት። ባለበት ከቆመ ግን ሕመም ባይሰማሽም አንድ ቦታ የቀሩ ሴሎች እየሠሩ ነው፤ ኬሞቴራፒ የሚታዘዘውም ይህ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ነው።

የእኔ ከመጠረጉ በፊት ከ180,000 በላይ ነበር። ወደ 9,400፣ ከዚያ 2,100፣ ከዚያ 640 ሲወርድ እናቴ ስለት ልታስገባ ተዘጋጅታ ነበር። ቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት 610፣ 655፣ 630 አመጡ። በመካከሉ ወረፋ ሰልችቶኝ ሌላ ላቦራቶሪ ብመረመር 900 ተባልኩና ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ሐኪሜ በመጀመሪያው ላቦራቶሪ ቢያስደግመኝ ያው 655 ሆነ። መሣሪያው ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያልና አንድ ቦታ ጽኚ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የተወሰዱ አራት ልኬቶች ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካላለፈ ቁጥሩ ቆሟል ይባላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በተከታታይ ልኬቶች ከጨመረ ደግሞ ይበልጥ ያስቸኩላል። ሐኪሜ አዲስ እርግዝና አለመኖሩን በአልትራሳውንድ፣ ወደ ሳንባ አለመዛመቱን በራጅ አረጋገጠና ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጀመረልኝ። ጸጉሬ አልረገፈም፤ አፌ ግን ክፉኛ ቆስሎ ነበር።

ከ5 በታች ሲወርድ «አበቃ» ብዬ ነበር፤ ሐኪሜ ግን ሦስት ዙር ጨመረልኝ። ተናድጄ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ምርመራው የማያያቸው ጥቂት ሴሎች ሊቀሩ ይችላሉ አለኝ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ይህን ሕክምና ከጀመሩት አንዱ ዶክተር ሚን ቹ ሊ፣ ዕጢው ከዓይን ከጠፋ በኋላም ሆርሞኑ እስኪጠፋ መድኃኒቱን ይሰጥ እንደነበር የነገረኝም ያን ዕለት ነው። ይህ ካንሰር ወደ ሌላ አካል ከተዛመተ በኋላ እንኳ በመድኃኒት ብቻ ሊድን የሚችል መሆኑን ስሰማ ከሐዘኔ ቀና አልኩ።

ስለ ልጅም ጠይቀሻል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ አንድ ዓመት በወሊድ መከላከያ ቆየሁ፤ እርግዝና ኤችሲጂን ስለሚጨምር በሽታው መመለሱን ለመለየት ያስቸግራል። ዛሬ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ከወለድኩ ከስድስት ሳምንት በኋላም ደሜን አስመርምሬያለሁ።

ወደ ሐኪሙ ስትሄጂ ውጤቶችሽን ሁሉ ከነቀናቸው ጽፈሽ ያዢ። ከእርግዝናው የተረፈ የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን ቤት ካለሽም ሐኪሙን ሳታማክሪ አትዋጪ፤ ፎሊክ አሲድ የሜቶትሬክሴትን ሥራ ያዳክማል።