ጠይቁን፦ ለኩሽኔታ የዘመቱ ቦምብ ጣዮች

ባለፈው እትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች የጀርመንን ፋብሪካዎች በቀን ብርሃን ለመምታት ስላዘመቷቸው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣዮች አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን የደረሱን ጥያቄዎች ከጽሑፉ ይልቅ ጠለቅ ያሉ ሆነው ስላገኘናቸው አምስቱን መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ጋራዥ ያላቸው አንባቢ፦ «በአንድ ቀን 60 አውሮፕላን የጠፋው ኩሽኔታ የሚያመርት ፋብሪካ ለመምታት ነው ብላችኋል። ኩሽኔታ እኛ ዘንድ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ነው። ለእሱ ይህን ያህል ሰው ይገበራል?»

መልስ፦ ለእርስዎ ስለ ኩሽኔታ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ለሌሎች አንባቢዎቻችን ግን ኩሽኔታ የሚዞር ዘንግ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ኩሽኔታው የተበላ ወፍጮ ሞተሩም ድንጋዩም ቺንጋውም ደህና ሆኖ እያለ ይቆማል። የአሜሪካ ጦር እቅድ አውጪዎች ሐሳብ የተነሣው ከዚሁ ነው። አውሮፕላን፣ ታንክ፣ የጭነት መኪና፣ የሚዞር ነገር ያለው መሣሪያ ሁሉ ያለ ኩሽኔታ አይንቀሳቀስም፤ ከጀርመን ኩሽኔታ ደግሞ ትልቁ ድርሻ የሚመረተው ሽዋይንፈርት በምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ሺህ ፋብሪካ ከማሳደድ አንዷን ከተማ መምታት ይሻላል አሉ።

ዕለቱ ኦገስት 17 ቀን 1943 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 11 ቀን 1935 ዓ.ም.። ቢ-17 የሚባሉት 376 ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣዮች ከእንግሊዝ እንዲነሡ ታዘዙ። በከርቲስ ለሜይ የሚመሩት 146ቱ ቀድመው ሬገንስቡርግ የሚገኘውን የሜሰርሽሚት ተዋጊ አውሮፕላን ፋብሪካ ይመታሉ፤ ወደ እንግሊዝም ሳይመለሱ ሜዲትራንያንን ተሻግረው ሰሜን አፍሪካ ያርፋሉ። የቀሩት 230ዎቹ በደቂቃዎች ልዩነት ተከትለው ሽዋይንፈርትን ይመታሉ። የጀርመን ተዋጊዎች የመጀመሪያውን ክፍል ሲያሳድዱ ነዳጅና ጥይታቸውን ይጨርሳሉ፣ ሁለተኛው ክፍል ነዳጅ ሊሞሉ መሬት ላይ ሳሉ ያልፋል የሚል ስሌት ነበር።

ስሌቱን ያፈረሰው ጉም ነው። የጣርማ በርን የጠዋት ጉም የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የለሜይ አብራሪዎች መሣሪያ ብቻ እያዩ መነሣትን አስቀድመው ተለማምደው ስለነበር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዘግይተው ወጡ። ሁለተኛው ክፍል ግን ከእነሱም በኋላ ከሦስት ሰዓት በላይ መሬት ላይ ቆየ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጀርመን ተዋጊዎች አረፉ፣ ነዳጅ ሞሉ፣ ጥይት ጫኑ፣ ሙሉ ጉልበታቸውን ይዘው ጠበቁ። አጃቢ ተዋጊዎች ነዳጃቸው ስለማይበቃ ጀርመን ድንበር አካባቢ ሲደርሱ ይመለሱ ነበርና ከዚያ ወዲያ ቦምብ ጣዮቹ ብቻቸውን ናቸው። ከመጀመሪያው ክፍል 24፣ ከሁለተኛው 36፣ በድምሩ 60 አውሮፕላን ቀረ። በእያንዳንዱ ውስጥ 10 ሰው አለ።

ውጤቱስ? የጀርመን የጦር መሣሪያ ሚኒስትር የነበረው አልበርት ሽፔር የኩሽኔታ ምርት በ38 በመቶ እንደወረደ ተናግሯል። ነገር ግን ጣሪያ ሲፈርስ ከሥሩ ያለው ማሽን ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ፍርስራሹ ተነሥቶ፣ ማሽኑ ተጠርጎ፣ ሥራው ይቀጥላል። ፋብሪካዎች የመጠባበቂያ ክምችት ነበራቸው፤ ከስዊድንና ከስዊዘርላንድ ይገባ ነበር፤ መሐንዲሶችም የግድ በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ኩሽኔታን በተራ ቡሽ፣ ማለትም ኳስ በሌለው የብረት ቀለበት ተኩ። አሜሪካኖቹ ኦክቶበር 14 ቀን 1943 ተመልሰው መጡ፣ እንደገና 60 አውሮፕላን አጡ፣ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 1944 ድረስ ሽዋይንፈርት ላይ አልደረሱም። ጀርመኖች በእነዚያ ወራት ማሽኖቹን በየቦታው በተኗቸው። በእኛ አስተያየት የዒላማው ምርጫ የሚያስወቅስ አልነበረም። የጠፋው ወዲያው ተመልሶ የመምታት አቅም ነው፤ ለዚያ ደግሞ እስከ ዒላማው የሚዘልቅ አጃቢ ያስፈልግ ነበር። ቢ-17ን እስከ በርሊን ማጀብ የቻለው ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ የሚሸከመው ፒ-51 ተዋጊ አውሮፕላን በብዛት የገባው በ1944 መጀመሪያ ነው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፣ የጭነት መኪና ሾፌር፦ «ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ስወጣ መኪናው ጉልበት ያጣል። እነዚያ አውሮፕላኖች ከሰባት ሺህ ሜትር በላይ እንዴት ወጡ?»

መልስ፦ የሚያጡት ጉልበት አየር ነው። ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው ከፍታ አንድ አምስተኛውን ገደማ ይወስድብዎታል። ቢ-17 ቦምብ በሚጥልበት 7,600 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 37 በመቶ ብቻ ነው። ባለ 1,200 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያለ ተርቦ እዚያ ቢደርስ ግማሹን እንኳ አይሰጥም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ተርቦ ተገጠመለት። የጭስ ማውጫው ጋዝ ተርቦውን በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ያዞረዋል፤ እሱም ስሱን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። አየር ሲጨመቅ ስለሚግል ሞተሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በማቀዝቀዣ ያልፋል። አሠራሩ ዛሬ በተርቦ መኪናዎች ላይ ካለው ብዙም አይለይም።

ችግሩ ብርዱ ነበር። በቀደሙት ቢ-17ዎች ተርቦውን የሚቆጣጠረው መሣሪያ በዘይት ግፊት የሚሠራ ስለነበር ከፍታ ላይ ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ይወፍርና ትእዛዝ አይቀበልም፤ ተርቦው ወይ ይደክማል፣ ወይ ከመጠን በላይ ይፈጥናል። በኋላ የመጣው ቢ-17ጂ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ስለያዘ ይህ ቀረለት። ሌላው ጣጣ ፕሮፔለሩ ነው። የተመታ ሞተር ሲጠፋ የፕሮፔለሩ ምላጮች ነፋሱን እንዲሰነጥቁ በጠርዛቸው መዞር አለባቸው፤ የሚያዞራቸው ደግሞ የዚያው ሞተር ዘይት ነው። ዘይቱ በጥይት ቀዳዳ ካለቀ ፕሮፔለሩ በነፋስ እየተሽከረከረ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። ከሰልፉ ወደ ኋላ የቀረውን አውሮፕላን ደግሞ የጠላት ተዋጊዎች አስቀድመው ይመርጡታል።

ጥያቄ፣ ከመንዝ፦ «የአየር ኃይል ሰዎች 3,000 ሜትር ላይ የኦክስጅን ጭንብል ያጠልቁ ነበር ይባላል። እኛ ጓሳ ላይ ከብት የምንጠብቀው ከዚያ በላይ ነው። ሰዎቹ ደካሞች ነበሩ?»

መልስ፦ አይደለም። እርስዎ እዚያ የተወለዱ ነዎት፤ ደምዎና ሳንባዎ ቦታውን ለምዷል። እነሱ ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ የእንግሊዝ ሜዳ ተነሥተው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከዳሸን ራስ እጅግ የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይደርሳሉ። ደንቡ 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,050 ሜትር ገደማ ላይ ጭንብል ማጥለቅ ነበር። 7,600 ሜትር ላይ ኦክስጅኑ የተቋረጠበት ሰው ራሱን የሚያውቀው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የመንዝ ሰውም ቢሆን እዚያ ላይ ብዙ አይቆይም።

አስፈሪነቱ አለማመሙ ነው። ኦክስጅን ያጣ ሰው አይታፈንም፤ ደስ ደስ ይለዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ያንቀላፋል። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው በውስጥ ስልኩ ስም ጥሪ ይደረጋል፤ ከአፍንጫው ቦምብ አነጣጣሪ እስከ ጭራው ተኳሽ እያንዳንዱ ሰው ይመልሳል። ያልመለሰ ካለ ሌላው ትንሽ የእጅ ጠርሙስ ይዞ ይሮጥለታል። የትንፋሽ እርጥበት በጭንብሉ ቱቦ ውስጥ ስለሚረጋ በየጊዜው ቱቦውን በእጅ እየጨመቁ በረዶውን መሰባበር ግዴታ ነበር፤ ይህን የረሳ ሞቶ ተገኝቷል።

ብርዱ ከዜሮ በታች ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ነው። የጎን መትረየስ የሚተኮስባቸው መስኮቶች በቀደሙት አውሮፕላኖች ክፍት ነበሩ። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ነበራቸው፤ አንዲት ክር ሽቦ ከተበጠሰች ግን አንድ እግር ወይም አንድ እጅ ይደርቃል። የተነከሰ ጥይት ለማላቀቅ ጓንቱን ያወለቀ ተኳሽ ቆዳው ከብረቱ ጋር ይጣበቅበታል። ለዚህ ሲባል ከወፍራሙ ጓንት ሥር ስስ የሐር ጓንት ይለብሱ ነበር።

ጥያቄ፣ ከአንኮበር፦ «በአምስቱ ዓመት አርበኞቻችንን ይደበድቡ የነበሩት የጣሊያን አውሮፕላኖችም እንደነዚህ ነበሩ?»

መልስ፦ አልነበሩም። የጣሊያን ዋናው ቦምብ ጣይ ካፕሮኒ 133 ባለ ሦስት ሞተር፣ ጎማው የማይታጠፍ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ነበር፤ ወታደርና ስንቅም ያመላልስ ነበር። ትልቁ ልዩነት ግን ዒላማው ላይ ነው። እዚህ የሚመታ የጦር ፋብሪካ አልነበረም። የተመታው ሰው፣ ከብትና ከተማ ነው፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ጭምር ተመትቷል። የሰናፍጭ ጋዝም የተረጨው በዚሁ ጦርነት ነው። ከአውሮፕላኑ ዓይነት ይልቅ ይህ መታወስ ይገባዋል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፣ የፊዚክስ መምህርት፦ «ቦምቡን የሚያነጣጥር ትክክለኛ መሣሪያ ነበራቸው ይባላል። ታዲያ ለምን ይስታሉ? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ ነው።»

መልስ፦ ለክፍል የሚሆን ጥሩ ምሳሌ ነው። በጉግስ ጨዋታ ፈረሰኛው ዘንጉን ሲለቀው ዘንጉ የፈረሱን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። ቦምብም እንዲሁ ነው። አውሮፕላኑ በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከ7,600 ሜትር የተለቀቀ ቦምብ መሬት የሚደርሰው ከ40 ሰከንድ በላይ ቆይቶ ነው። የአየሩ መጎተት ቢቀንሰውም ቦምቡ ዒላማው ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ሲቀር መለቀቅ አለበት። አንድ ሰከንድ መዘግየት የ100 ሜትር ስሕተት ነው። የመሬቱን ፍጥነት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያሳሳተ አነጣጣሪ ከ50 ሜትር በላይ ይስታል። ተማሪዎችዎ እነዚህን ቁጥሮች በራሳቸው ሊያሰሏቸው ይችላሉ።

ኖርደን የተባለው ማነጣጠሪያ ከፍታው፣ ፍጥነቱና የቦምቡ ዓይነት ይሞላለታል። አነጣጣሪው በመነጽሩ መስቀለኛ መስመር ዒላማው ላይ እንዲጸና ማዞሪያዎቹን ያስተካክላል፤ መሣሪያው የነፋሱን ግፊት ከዚያ ያወጣል፣ በአውቶፓይለቱ በኩል አውሮፕላኑን ራሱ ይመራል፣ ቦምቡን በሰዓቱ ይለቃል። ለዚህ ግን አውሮፕላኑ ለደቂቃዎች ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ መብረር አለበት። የፀረ አውሮፕላን መድፍ ጥይት እዚያ ከፍታ ለመድረስ ሃያ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ከሃያ ሰከንድ በኋላ የት እንደሚሆን ማስላት ደግሞ ለመድፈኛው ቀላል ነው። አነጣጣሪውን የሚጠቅመው ጽናት መድፈኛውንም ይጠቅመዋል።

ከዚህ የሚብሰው ሰልፉ ነው። ለመከላከያ ሲባል 18 ወይም 21 አውሮፕላኖች ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ተደራርበው ይበራሉ፤ መትረየሶቻቸው እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። ሲነጣጠር የሚያነጣጥረው መሪው ነው፤ የመሪው ቦምብ ሲወርድ ያዩት ሌሎቹ አብረው ይለቃሉ። ስለዚህ ቦምቦቹ መሬት ላይ የሚሸፍኑት ስፋት የሰልፉን ስፋት ያህላል። መሪው መሐል ቢመታ እንኳ የዳር አውሮፕላኖች ቦምብ ሜዳ ወይም የሰው ቤት ላይ ያርፋል፤ በፋብሪካ ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ ብዙ ያለቀው በዚህ ነው። ከኋላ የሚመጣው ቡድን ደግሞ የፊተኛው ያስነሣው ጭስ ዒላማውን ሸፍኖበት ይደርሳል። ጀርመኖችም በፋብሪካዎቹ ዙሪያ ሆን ብለው ጭስ ያስነሡ ነበር።

አንድ ምት እንደማይበቃ ያሳየው ሎይና ነው፤ ከድንጋይ ከሰል ሰው ሠራሽ ቤንዚን የሚያወጣ ግዙፍ ፋብሪካ። መጀመሪያ የተመታው ሜይ 12 ቀን 1944፣ በእኛ ግንቦት 4 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው። በአሥር ቀን ውስጥ በከፊል ተነሣ፣ ተመታ፣ ተጠገነ፣ ተመታ። በድምሩ 22 ጊዜ፣ በ6,552 የአውሮፕላን በረራ፣ 18,328 ቶን ቦምብ ተጣለበት። የነዳጅ ፋብሪካዎቹን ለመጠገን እስከ 350,000 ሰው ተሰማርቶ ነበር፤ አብዛኞቹ በግዳጅ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። በዚያ ሁሉ ጥገና የሎይና ምርት በአማካይ ከአቅሙ 9 በመቶ ሆኖ ቀረ። ከሰው ሠራሽ ፋብሪካዎች ይወጣ የነበረው የአውሮፕላን ቤንዚን በኤፕሪል 1944 ከነበረበት 175,000 ቶን በሴፕቴምበር ወደ 5,000 ወረደ። የአውሮፕላን ፋብሪካዎቹ በዚያው ዓመት ከቀደሙት ዓመታት ሁሉ የበለጠ አውሮፕላን አወጡ፤ ኩሽኔታው አልጎደለም ነበር። የሚሞላላቸው ቤንዚን ግን ስላልነበረ አዲስ አብራሪዎችን እንኳ በቅጡ ማሠልጠን አልተቻለም።