ኩላሊቱን ከመስጠትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ወንድምሽ ከልጅነቱ ጀምሮ የኩላሊት ጠጠር ሲያመላልሰው ኖሮ አሁን ዳያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጠብ) ላይ ነው። አንቺ ኩላሊት ልትሰጪው ተነስተሻል። ዶክተሩ ግን «መጀመሪያ የኦክሳሌት ነገር ይጣራ» አላችሁ፤ ኦክሳሌት ሰውነት የሚያመርተው፣ በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ ነው። «እሱ እየተሰቃየ ምን ያስጠብቀናል?» ነው ያልሽው።

እባክሽ ጠብቂ። እኔም እዚሁ ጎንደር ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ላይ የደረሰው ይሄው ነው።

የመጀመሪያው ጠጠር የወጣው በ14 ዓመቱ ነበር። ነጣ ያለ፣ ሽንብራ የማታክል ነገር ናት። እማየ ክብሪት ቤት ውስጥ አስቀመጠቻት። «ውኃው ነው» እየተባለ ስንት ዓመት አለፈ። በ29 ዓመቱ የከተራ ዕለት ታቦት አጅቦ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለስ፣ እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ አለ። ከዚያ በኋላ ዳያሊሲስ ነው።

በሽታው ፕራይመሪ ሃይፐርኦክሳሉሪያ ይባላል። በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ችግሩ የሚነሳው ከኩላሊት ሳይሆን ከጉበት ነው። እዚያ አንድ ኢንዛይም ይጎድልና ኦክሳሌት ከልክ በላይ ይመረታል። ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር ይሆናል፤ ኩላሊቱን ይጨርሰዋል። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም መውጫ ያጣና አጥንት፣ ዓይንና ልብ ውስጥ ይከማቻል። በሳምንት 3 ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ደም መታጠብ ጉበቱ የሚያመርተውን ያህል አያወጣም። ጉበቱ እንዳለ ሆኖ ያንቺ ኩላሊት ብቻ ቢተከል፣ እሱንም ያበላሸዋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ጉበትና ኩላሊት አብረው የሚተከሉት። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉበቱ ኦክሳሌት ማምረቱን የሚቀንስ ሉማሲራን የሚባል መርፌ ጸድቋል። ቫይታሚን ቢ 6 የሚረዳቸውም አሉ፤ ዶክተሩን ጠይቂው። ቫይታሚን ሲ ግን ሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ስለሚቀየር በራሳችሁ አትስጡት። እኛ «ድካሙን ይቀንስለታል» ብለን ገዝተንለት ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ሌላው ነገር አንቺን ይመለከታል። በሽታው በዘር ነው። እናትና አባት ጤነኛ ሆነው ዘረመሉን ከተሸከሙ፣ እያንዳንዱ ልጅ በሽታው ሊኖርበት የሚችለው ከ4 አንድ ነው። አንቺም ሳትመረመሪ መስጠት የለብሽም። እኔ ተሸካሚ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። እማየ ይህን ስትሰማ «በእኔ ደም ነው እንዴ?» ብላ አለቀሰች። እናንተም ለእናታችሁ ጥፋት የማንም እንዳልሆነ ቀስ ብላችሁ ንገሯት።

ወንድሜ ሽንት ስለማይወጣው የሽንት ምርመራ አልጠቀመውም። ዳያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ደሙ ውስጥ ኦክሳሌት ስለሚጨምር የደሙም ብቻውን አልበቃም። የቆረጠልን የዘረመል ምርመራው ነው።

ለቀጠሮ ስትሄዱ የድሮ አልትራሳውንዶቹን በሙሉ ያዙ። የወጣ ጠጠር ካላችሁ አትጣሉት። የእኛው ዶክተር ነገሩን የጠረጠረው የእማየን ክብሪት ቤት ከፍቶ ሲያይ ነው።