ከባነር ወደ ሳይክል ማሊያ

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ባነርና የሰርግ ካርድ ዲዛይን እሰራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሞ ኮምቦልቻ ወርጄ ሳይክል እነዳለሁ። ለጓደኞቼ ማሊያ ዲዛይን አድርጌ ሎጎው ኪሱ ላይ ተቆርጦ ወጣብኝ፣ በዚህ ስራ መቀጠል እችላለሁ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ በደንብ ትችላለህ! ማሊያ እኮ እንደ ባነር አንድ ወጥ አይደለም፣ ፊት ጀርባ እጅጌ ተብሎ ለየብቻ ታትሞ ነው የሚሰፋው፣ የጀርባው ኪስም ራሱን የቻለ ቁራጭ ስለሆነ መስመሩ እንዲገጥምልህ ከልብስ ሰፊው ፓተርኑን (የየቁራጩን የልክ ቅርፅ) ቀድመህ ተቀበል። ህትመቱ ሰብሊሜሽን ነው፣ ቀለሙ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ተንኖ ፖሊስተሩ ውስጥ ይገባል፣ ጥጥ ላይ አይይዝም፣ ነጭ ቀለም የሚባልም የለውም ነጩ ጨርቁ ራሱ ነው። ሎጎውን ሁሌ በቬክተር (ቢያሳድጉትም በማይደበዝዝ ፋይል) ተቀበል። ብስክሌተኛው ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፣ የሱን ቡድን ማሊያ ፎቶ እያየህ ስፖንሰሩ ከሩቅ እንዴት እንደሚነበብ አጥና፣ እና የጓደኞችህን ማሊያ እንደገና ስራላቸው፣ ለሌላ ደንበኛ የምታሳየው እሱን ነው።