መልስ፦ ሲኮች ኪርፓን የሚታጠቁት ለምንድን ነው?

ጠያቂያችን፣ «ሃይማኖተኛ ሰው ቢላዋ ታጥቆ ለምን ይሄዳል? ልጅስ ይዞት ትምህርት ቤት መግባቱ አያስፈራም?» ብለዋል። ስጋትዎ ይገባኛል። ሆኖም ኪርፓን፣ ማለትም ከደቡብ እስያ የመነጨው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች የሚታጠቁት በአፎት ያለ ስለት፣ ለጠብ የሚያዝ አይደለም።

የሲኮች መንፈሳዊ መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1699 በሕንዷ አናንድፑር ካልሳ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ አባላቱ ከአካላቸው የማይለዩዋቸው አምስት ምልክቶች ተደነገጉ፤ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ቁምጣና ኪርፓን። ስለዚህ ሁሉም ሲክ አይታጠቀውም፤ ግዴታው አምሪት የተባለውን ወደ ካልሳ የመግቢያ ሥርዓት ፈጽመው ቃል ኪዳን ለገቡት ነው፣ ለወንዱም ለሴቷም። ትርጉሙ ደካማን ከግፍ የመጠበቅ አደራ ነው። እንዲህ ያለውን አደራ አውልቁ ማለት ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ካናዳ ውስጥ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሞንትሪያል ውስጥ የአንድ ተማሪ ኪርፓን በትምህርት ቤት ግቢ ወደቀ፤ የትምህርት ባለሥልጣናትም ከለከሉት። ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ፍጹም ክልከላው የሃይማኖት ነፃነትን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ልጁ በእንጨት አፎት ከትቶ፣ በጨርቅ ተሰፍቶበት፣ ከልብሱ ሥር ሊይዘው እንደሚችል ተፈቀደ። መቀስና የቤዝቦል ዱላ በየትምህርት ቤቱ እንደሚገኙም ዳኞቹ አንስተዋል፤ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው።

በሕንድ ደግሞ ኪርፓን መታጠቅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በግልጽ ተፈቅዷል። አውሮፕላን ላይ ግን ደንቡ ከአገር አገር ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።