መስመር አጥሮ የያዘው፣ ቅርጽ የሚንሳፈፍበት

ጥያቄ፦ 50 በ70 ሳ.ሜ. በሆነ ሸራ ላይ የሠዓሊዎቹን፣ የሞንድሪያንን ጥቁር መስመሮችና የማሌቪችን ያዘነበሉ ቅርጾች ላጣምር ሞከርኩ። ግማሹን ለአንዱ፣ ግማሹን ለሌላው ሰጠሁ። ሲያልቅ ግን ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን የተለጠፉ ይመስላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ያጣላቸው እኩል መካፈላቸው ነው። ሁለቱ ስልቶች በቀለም ቢቀራረቡም ለነጩ ቦታ ያላቸው አመለካከት ፈጽሞ ይለያያል። በ1917 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ በተጀመረው፣ ሞንድሪያን በነበረበት ደ ስታይል የተባለ የሥዕል ንቅናቄ ነጩ በመስመር የታጠረ ሜዳ ነው። ማሌቪች በ1915 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባሳየው ሱፕሬማቲዝም ግን ነጩ ወሰን የለውም፤ ቅርጾቹ ይንሳፈፉበታል። ስለዚህ አንዱ ይግዛ፣ ሌላው ይገዛ። ለጀማሪ መስመሩ ቢገዛ ይቀላል።

ሸራውን አቁመው ከግራ ዳር 9 እና 38 ሳ.ሜ. ላይ ሁለት ቋሚ፣ ከላይ 12 እና 56 ሳ.ሜ. ላይ ሁለት አግዳሚ መስመሮች ያስምሩ። ሁሉም ከዳር እስከ ዳር ይድረሱ። ሦስቱ 8 ሚ.ሜ. ይወፍሩ፣ የታችኛው አግዳሚ 14 ሚ.ሜ. ይሁን። መሐል ላይ የሚቀረው ትልቅ ሜዳ የማሌቪች ነው። እዚያ ከሦስት እስከ አምስት ቅርጾች ይበቃሉ፦ አንድ 24 በ3 ሳ.ሜ. የሆነ ረጅም ዘንግ፣ አንድ 9 በ6 አራት ማዕዘን፣ የቀሩት ትንንሾች።

ሁሉም በአንድ ማዕዘን ያዘንብሉ፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ጥሩ ነው። ከ10 በታች ከሆነ እጅ የሳተው ይመስላል። 45 ሲሆን ደግሞ ቅርጹ ይረጋጋና መንሳፈፉ ይጠፋል። ሌላ ማዕዘን ካስፈለገዎት ለመጀመሪያው ቀጤ ነክ የሆነውን ብቻ ይጨምሩ። (በነገራችን ላይ ሰያፍ መስመር በደ ስታይል ቤት ቀላል ጉዳይ አልነበረም። የንቅናቄው መሥራች ቫን ዱስበርግ በ1920ዎቹ ሲያስገባው ሞንድሪያን አልተቀበለውም። እሱ ሸራውን ራሱን 45 ዲግሪ አዙሮ መስመሮቹን ቀጥ አድርጎ መተው ይመርጥ ነበር። ይህም ሊሞከር የሚገባው መንገድ ነው።)

ቅርጾቹ በሙሉ ሜዳው ውስጥ ከቀሩ የታሰሩ ይመስላሉ። አንዱ ብቻ፣ በተለይ ዘንጉ፣ መስመሩን አልፎ ቢያንስ 2 ሳ.ሜ. ይውጣ፤ ሁለቱን ስልቶች የሚያስተሳስረው ይህ መሻገሪያ ነው። የቀሩት ከመስመር 1.5 ሳ.ሜ. ይራቁ። የቅርጽ ጫፍ መስመሩን ለጥቂት ከነካ ዓይን እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም በዚህ ነው። ከመቀባትዎ በፊት ቅርጾቹን ከወረቀት ቆርጠው ሸራው ላይ ያንቀሳቅሱ።

አንዱን ቀለም ሁለቱም ቦታ አይድገሙት። ሰማያዊና ቢጫ ለጠርዝ ሜዳዎች፣ ጥቁርና ቀይ ለሚንሳፈፉት ይሁኑ። ሦስቱ ዋና ቀለሞች ሁለቱም ቦታ ከገቡ የትኛው እንደሚመራ አይለይም።

አክሪሊክ በማስኪንግ ቴፕ (ጠርዝ ለመከለል በሚለጠፍ ወረቀት) ስር እንዳይሰርግ ቴፑን ከለጠፉ በኋላ ጠርዙን መጀመሪያ በመደቡ ነጭ ይቀቡት፤ ሲደርቅ ዋናውን ቀለም ያስከትሉ። የሚሰርገው ነጩ ስለሆነ አይታይም። ቴፑን የላይኛው ቀለም ሳይደርቅ፣ ወደ ኋላ አጥፈው ቀስ ብለው ይላጡ፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞት ይነሳል። ቢጫና ቀይ ጥቁርን በደንብ አይሸፍኑም። ስለዚህ ዘንጉ በሚያልፍበት ቦታ ጥቁሩን መስመር አይቀቡ፣ ነጩን ይተዉለት። ቢጫ ሁለት ሦስት ስስ ቅብ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር በሠራሁት የደ ስታይል ንድፍ ውስጥ የኦፕ አርት (ዓይን የሚያታልል ሥዕል) ጥቁርና ነጭ ጭረቶች አስገባሁ። ሳሳንሰው ያልሳልኩት ሞገድ ይታያል።

መልስ፦ ጭረቶቹ ከስክሪኑ ፒክስሎች ጋር ስላልገጠሙ ነው። በቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ በሚገለጽ ንድፍ) ይሥሩት፣ ለእያንዳንዱ መጠንም ለየብቻ ያውጡት። በመጨረሻው መጠን የእያንዳንዱ ጭረት ስፋት ሙሉ ቁጥር፣ ቢያንስ 4 ፒክስል ይሁን። ለትንሹ መጠን ጭረቶቹን ከማቅጠን ቁጥራቸውን መቀነስ ይሻላል። ጭረቱም ከአንድ ሜዳ አይለፍ፤ ሁለት ሜዳ ላይ ከተንቀጠቀጠ ቀይና ሰማያዊውን የሚያይ የለም።