ሽርጥን ከኮት ጋር ለብሶ ቢሮ ስለመግባት ለጠየቅከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ እዚህ አዳማ በአንድ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ሆነህ እንደተቀጠርክ፣ ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሱሪ ለብሶ መዞር እንደከበደህ፣ አባትህ ዕድሜ ልካቸውን የለበሱትን ሽርጥ ከኮትና ከክራባት ጋር አዋሕደህ ደንበኛ ቢሮ ለመግባት እንዳሰብክ ጽፈህ፣ «ይህን ያደረገ ሰው ካለ ልምዱን ያካፍለኝ» ብለሃል። እኔ የጽሕፈት መሣሪያና የቢሮ ዕቃ አቅራቢ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት መተሐራ ሲሆን፣ ባንክ የምገባውም፣ ውል የምፈርመውም፣ የጨረታ ሰነድ የማስገባውም ከወገቤ በታች ጉርድ ለብሼ ነው። ከእኔ በፊት መልስ የሰጡህ ወንድሞችና እህቶች በሙሉ «ሰው ምን ይላል?» በሚለው ላይ ስለቆሙ፣ እኔ እሱን ትቼ ሥራህን በቀጥታ ሊያሰናክልብህ ስለሚችለው ነገር እነግርሃለሁ።

አንደኛ፣ ሰፈር የሚለበሰውን ሽርጥ እንዳለ ወስደህ ኮት አትደርብበት። ተጠቅልሎ የሚታሰር ጨርቅ ለቤትና ለመንገድ እጅግ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ቦርሳ አንጠልጥለህ ደረጃ ስትወጣ፣ ባጃጅ ውስጥ ስትገባና ስትወርድ ይላላል፤ በደንበኛ ፊት ወገብህን እያጠበቅክ ደግሞ ስለ ዋጋ መነጋገር አትችልም። እኔ ያሰፋሁት ኮቱ ከተሠራበት ሱፍ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለው ልብስ ሰፊዬ መጀመሪያ ቾኩን አንስቶ እንደ ሴት ጉርድ ዳሌው ላይ ሊያጠብበው ሲል አስቆምኩትና፣ ልኬቱን ልክ እንደ ሱሪ ወስዶ ከዳሌ በታች ቀጥ ብሎ እንዲወርድ አደረግን። ወገቡ እንደ ሱሪ ወገብ ጠንካራ ጨርቅ ገብቶበታል፤ ቀበቶ ማስገቢያ አለው፤ በግራና በቀኝ ስልክና ቁልፍ የሚይዝ ጥልቅ ኪስ አለው፤ ከፊት የሚደራረበው ክፍል ስትቀመጥ እንዳይከፈት ከውስጥ በተሰወረ ቁልፍ ይያያዛል። ርዝመቱ ባትህን እስኪያጋምስ ይውረድ። የታችኛው ጠርዝ በአራት ጣት ያህል ታጥፎ ድርብ ሆኖ መሰፋት አለበት፤ የከተማችንን ነፋስ አንተም ታውቀዋለህ፣ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች እዚህ የተተከሉት ለዚሁ ነፋስ ነውና፣ ጠርዙ ክብደት ከሌለው ከሰዓት በኋላ አደባባይ ማቋረጥ ፈተና ይሆንብሃል።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይሁን፤ ካልሲው ረጅም፣ ጫማው የተወለወለ ቆዳ ይሁን። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ሦስተኛ፣ «ይህ የሥራ ልብስ አይደለም» ለሚልህ ሰው የሚሆን መልስ ይኑርህ፤ መልሱም በቁጣ ሳይሆን በዕውቀት ይሁን። በፊጂ ባለሥልጣናትና የቢሮ ሠራተኞች ሱሉ የሚባለውን የተሰፋና ኪስ ያለው ጉርድ ከኮትና ክራባት ጋር ይለብሳሉ፤ የአገሪቱ ፖሊስ ለሰልፍ የሚወጣበት የደንብ ልብስም ይኸው ነው። በማያንማር ወንዶች ሎንጂ የሚባለውን በወገብ የሚታሰር ልብስ ለብሰው መሥሪያ ቤት ይውላሉ። ኪልት የሚባለውን የስኮትላንድ ወንዶች ጉርድ የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1746 በሕግ ከልክሎት ነበር፤ ክልከላው በ1782 ከተነሣ በኋላ ግን ዛሬ በክብር ግብዣና በሠርግ ላይ የሚለበስ ልብስ ሆኗል። ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርበው የሕንዱ ታሪክ ይመስለኛል፦ እ.ኤ.አ. በ2014 በታሚል ናዱ ግዛት አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በወገብ ዙሪያ የሚታሰረውን ባህላዊ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ አንድ ክለብ እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ የግዛቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት በዚህ ልብስ ምክንያት ሰውን ከሕዝብ መገልገያ ቦታ መከልከልን የሚያግድ ሕግ አወጣ። የእኛዎቹ የአዋሽ፣ የድሬዳዋና የጅግጅጋ ነጋዴዎች ሽርጥ ለብሰው በብዙ ገንዘብ ሲገበያዩ እያየን አድገን፣ ልብሱ ቢሮ ሲደርስ የሚያሳፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

አራተኛው ዋናው ነው፤ እሱም የበር ጥበቃ ጉዳይ ነው። አንተ በጽሑፍህ የተጨነቅከው ስለ አለቃህና ስለ ደንበኞችህ ነው፤ እኔን ግን ያከሰረኝ አለቃም ደንበኛም ሳይሆን በር ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የዓመቱን የጽሕፈት መሣሪያ ለመግዛት ጨረታ አወጣ። ሰነዱን ገዛሁ፤ የጨረታ ማስከበሪያውን በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አሠራሁ፤ ዋጋውን ሌሊት ቁጭ ብዬ ሠራሁ፤ የቴክኒክና የዋጋ ሰነዱን ዋናና ቅጂ ብዬ ለየብቻ አሸግኩ። የጨረታው ሣጥን የሚዘጋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን እኔ በሩ ላይ የደረስኩት 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ጥበቃው ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝና «በሽርጥ መግባት ክልክል ነው» አለኝ። የተሰፋ ልብስ መሆኑን አስረዳሁት፤ ቀበቶውንና ኪሱን አሳየሁት። «ይህ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሱሪህን ታጥቀህ ተመለስ» አለኝ። የተጻፈ ደንብ ካለ እንዲያሳየኝ በትሕትና ስጠይቀው የበላዮቹን እንድጠይቅ ነገረኝ፤ የበላዮቹ ደግሞ ያሉት ከበሩ ወዲያ ነው። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ጀለቢያ የለበሱ አዛውንት ሼህ ተፈትሸው ገቡ፤ ጥቂት ቆይተው ረጅም ቀሚስ የለበሱና ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ገቡ፤ ጥበቃው ለሁለቱም ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ያደረገውም ተገቢ ነው። እኔን ግን ከኤንቨሎፔ ጋር ፀሐይ ላይ አቆመኝ።

ግዢ ክፍል ደወልኩ፤ «ሰው ይወርድልሃል» ተባልኩ። ቢያንስ ኤንቨሎፑን ተቀብላችሁ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱልኝ ብዬ ለመንኩ፤ «ተጫራቹ ራሱ ፈርሞ ነው የሚያስገባው» ተባልኩ። ሰው የወረደው 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰዓቱን አይቶ «ሣጥኑ ታሽጓል» ብሎኝ ተመለሰ። ሰዓቱ ያለፈበት ሰነድ ሳይከፈት ለባለቤቱ እንደሚመለስ አውቃለሁ፣ በዚህ ሥርዓት ቅር አልሰኝም። ቅር የሚያሰኘኝ፣ ሰነዴን በሰዓቱ ይዤ በራቸው ላይ እንደቆምኩ እያወቁ ሰዓቱ እንዲያልፍ መጠበቃቸው ነው። ሲከፈት የተነበበውን የአሸናፊውን ዋጋ ከሌላ ተጫራች ሰማሁ፤ የእኔ ያነሰ ነበር። ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገባሁ፤ መልሱ ግን በቃል «ደንብ አለን» የሚል ብቻ ነበር፤ ደንቡን ያሳየኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ልብሱን ከማሰፋትህ ጎን ለጎን ደብዳቤውን አሰናዳ። አሁን እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ አዲስ መሥሪያ ቤት ከመሄዴ አስቀድሞ በድርጅቴ ማኅተም፣ የድርጅቱ ተወካይ በባህላዊ የተሰፋ ጉርድና ኮት እንደሚመጣ የሚገልጽና፣ ለተገልጋይ የወጣ የአለባበስ ደንብ ካለ ግልባጩ እንዲሰጠኝ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ለመዝገብ ቤት ገቢ አደርጋለሁ። በእጄ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም አስመታለሁ። ጥበቃ ሲያስቆመኝ ክርክር አልገጥምም፤ ወረቀቱን አሳየዋለሁ። በቀጣዩ የበጀት ዓመት እዚያው በር ላይ፣ ለዚያው ጥበቃ ያንን ቅጂ ሰጠሁት፤ አነበበ፤ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ፤ በሩን ከፈተልኝ። ጨረታው ለእኔ ባይወጣም፣ ሰነዴ ከሌሎቹ ጋር ተከፍቶ ዋጋዬ በተጫራቾች ፊት ተነቧል፣ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር።

አንተ ተቀጣሪ ስለሆንክ ደብዳቤውን መፈረም ያለበት ሥራ አስኪያጅህ ነው። ከመጠየቅህ በፊት የድርጅቱን የሥራ ደንብ አንብብ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው የሥራ ደንቡን እንዲያከብር ያዝዛል፤ ወንድ ሱሪ ይልበስ የሚል አንቀጽ ግን በአዋጁ ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2 ባህልን የመግለጽና የማዳበር መብትን ደንግጓል። እነዚህን ለሙግት ሳይሆን ለመነጋገሪያ ያዛቸው፤ ሥራ አስኪያጅህ ፈቃዱን በቃል ቢሰጥህ እንኳ በጽሑፍ እንዲያደርግልህ አክብረህ ለምነው፣ እሱ በሌለበት ቀን የሚጠቅምህ ወረቀቱ ነውና። አንድ ቦታ ላይ ግን እኔም ሱሪ እለብሳለሁ፦ የሚሽከረከር ማሽን ያለበት ፋብሪካ ስገባ። ሰፋ ብሎ የሚውለበለብ ልብስ ማሽን ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ እዚያ የሚከለክልህ ሰው ልክ ነው፤ አትከራከረው።

የመጀመሪያው የደንበኛ ስብሰባህ በሚቀጥለው ወር ነው ብለሃል፤ ጊዜው ይበቃሃል። ጨርቁን ስትገዛ የኮቱንና የጉርዱን ከአንድ ጥቅል በአንድ ቀን አስቆርጥ፤ በኋላ ተመልሰህ ብትፈልግ ያው ቀለም የተባለው እንኳ ጎን ለጎን ሲሆን ይለያያል። ልብስ ሰፊ ካላገኘህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ የእኔው ልብስ ሰፊ አሁን ቁርጡን ስለለመደው ሌሎች ወንዶችም ያሰፉበታል፤ የደብዳቤዬንም ቅጂ አብሬ እልክልሃለሁ።